ሰባት ሚስማር

ቁም ሳጥን የለኝም። አከራዬ እትዬ ዘምዘም
ግድግዳው ላይ ሳንቃ መቱልኝ፣ ሰባት ሚስማር ያለበት፤
«ከዚህ የበለጠ ልብስ ካለሽ፣ ሌላ ቤት ፈልጊለት።»

የማድረው ሆጤ ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ፤
ላዩ ብርድ፣ ታቹ ሙቀት፣ መሃሉ ቁልቁለት ብቻ።
አስራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ጦሳ ጭጋጉን ሲያጠልቅ፣
ሽንኩርት ሆኜ እወጣለሁ፣
ጠመዝማዛው ላይ እላጣለሁ፤
መጀመሪያ ኮቱ፣ ቀጥሎ ሻርፑ፣ ቦርከና ሲታይ ሹራቡ።
ረዳቱ ይስቃል፦ «ይህች ልጅ፣ ዛሬም ፈረሰ ካቡ!»

የመጀመሪያ ደመወዜን ፒያሳ ላይ ነው የበላሁት፤
ወርቃማ ቁልፍ ያለው ቀይ ሱፍ፣ መስኮት ውስጥ አይቼ የወደድሁት።
ከሱ ጋር የሚሄድ ምንም አልነበረኝ፤ ጫማው ሌላ ብር፣ ቦርሳው ሌላ ብር፤
አንድ ቀን ለበስኩት። ከዚያ ወዲያ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ፣
ሠርግ ሲኖር ብቻ ስጠራው ነበር።
በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። አሁንም ሳስበው
ጥርሴን ያመኛል።

ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር ናቸው፣ ሸርፍ ተራ፣ ከአንድ በረንዳ፤
ሜትሩ አንገታቸው ላይ፣ መርፌው ከንፈራቸው ላይ፣
ንግግራቸው ግን የማይጎዳ።
«ልብስ» አሉኝ «ብቻውን አይገዛም፤ እንደ ሙሽራ ዘመዱ ይጠናል፤
ይህ ጉርድ ከየትኛው ሸሚዝሽ ጋር ይታረቃል?
ሦስት ወዳጅ ከሌለው ተይው፤ አኩርፎ ሚስማር ላይ ይቀራል።»

ከሳልባጅ ክምር ግራጫ ኮት መዘዙልኝ፣ የወንድ፤
ትከሻውን ፈቱት፣ ወገቡን ያዙት፣
እጅጌውን አሳጠሩት፣ ክሩን እየቆጠሩ አንድ በአንድ።
ኪሱ ውስጥ ትኬት ነበር፣ ጽሑፉን የማላነበው፤
የየት አገር ባቡር ይሆን? ሰውየውስ ደረሰ ወይስ ቀረ ካሰበው?
አልጣልኩትም። እዚያው ኪሱ ውስጥ ሆኖ
በየቀኑ አብሮኝ ኮምቦልቻ ይወርዳል።

ጥቁር ጉርድ አለኝ፣ ከጉልበት ዝቅ ያለ፣ ስቀመጥ የማያስጨንቀኝ፣
ደረጃ ስወጣ፣ ሚኒባስ ስሳፈር፣ የሰው ዓይን የማያስጠብቀኝ።
ቡናማ ሱሪ አለኝ፣ ሰኞና ሐሙስ መጋዘን ለምቆጥርበት፣
የጥጥ ብናኝ በአንድ ምት የሚረግፍለት።
ነጩ ሸሚዝ አንገቱ አልቆ ነበር፣ ጋሽ ይመር ገልብጠው ሰፉት፤
ያረጀውን ወደ ውስጥ፣ አዲሱን ወደ ሰው አዞሩት።
(ሰው ላይም ቢሠራ እንዲህ፣ ብዬ አስቤ ነበር፤
አልነገርኳቸውም፣ አፋቸው ውስጥ መርፌ ነበር።)

«ዛሬም ግራጫው?» ትለኛለች ብርዛፍ፣ ከደመወዝ ክፍል፣
በየቀኑ አዲስ ቀለም፣ በየወሩ አዲስ ብድር።
«ትናንት ከጥቁሩ ጋር ነበር» እላለሁ፣ «ዛሬ ከቡናማው፤»
ታዲያ ያቃጥለኛል። መልስ ያለው ሰው ሁሉ
አይቆስልም ያለው ማን ነው?

ኦዲተሮቹ የመጡ ዕለት ብርዛፍ ስስ ሮዝ ለብሳ ነበር፤
በማሽኑ ዘይት ጎኗን ነክታ፣ መታጠቢያ ቤት ቆማ ስታለቅስ ደረስኩ።
ምንም አላልኩ። ኮቱን አወለቅኩ።
አለበስኳት፣ ቁልፉን ዘጋሁላት፣ አንገቱን አቀናሁላት፤
ገባች። ማብራሪያዋን ሰጠች። አለቃው ቆሞ አጨበጨበላት።
ማታ ስትወጣ ኮቱን ረስታው ነው መሰለኝ፣
ወይም አልረሳችውም፤
ብቻ ለብሳው ሄደች።
ትኬቱም አብሮ ሄደ።

ጠዋት ከሰባቱ ሚስማር አንዱ ባዶ።
ሁለት ሹራብ ደርቤ ወጣሁ፤ ብርዱ ግን ገባ።
ቀና ብዬ ጦሳን አየሁት፤
ያንኑ የትናንቱን ግራጫ ለብሷል፣ የዛሬ ዓመቱንም፣
አባቴ ልጅ ሳለ የለበሰውንም፤
ደሴ ሁሉ ከሥሩ ያልፋል፣
አንድም ሰው «ዛሬም?» አላለውም።