ከፊቱ የበለጠች እጅ

ሽምብጥ ከሐይቁ ዳር፣ ከኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
ዋሴ ተቀመጠ ፊቱን ለእኔ ሊሰጥ።
እንጨት ነጋዴ ነው፣ ከዘጌ በታንኳ ጭኖ የሚመጣ፣
የሦስት ቀን ገቢውን ከፍዬው ከውሃ የወጣ።
«ደህና አድርገሽ ሣዪኝ፣» አለ ኮቱን እያራገፈ፣
«ልጄ ትሰቅለዋለች፣ ዘመኔ ካለፈ።»

ደህና አድርጌ ጀመርኩ።
አፍንጫ እንደ አፍንጫ፣ ጆሮ እንደ ጆሮ፣
የግንባሩ መስመር በልኩ ተቆጥሮ።
ሰውዬው ተገኘ። ዋሴ ግን የለም።
ቢላዬን አነሣሁ፣ ፋቅሁት ያን ቀለም።

በማግስቱ
እምቦጭ የወረሰው የውሃው አረንጓዴ
ጉንጩ ላይ ፈሰሰ፣ ያለ ምንም ዘዴ።
ከዓይኑ ሥር ወይን ጠጅ፣ የቆየ ሰንበር ዓይነት፤
አንገቱ እንደ ደንገል ጎበጠ በድንገት።
እጁ ግን፣ የቀኝ እጁ፣
አደገች፤ አደገች፤ ከፊቱ በለጠች።
ጣቶቿን በርግዳ ሸራውን ዋጠች።
ለምን? አላውቅም።
እሱ ስለ ዋጋ፣ ስለ ነፋስ ነበር የሚያወራኝ፤
እጁ ናት ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ የጠራችኝ።

የደሴቶቹ ሠዓሊዎች፣ የድሮዎቹ፣ ሕግ ነበራቸው፤
ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ነው ሥዕላቸው።
ልጅ ሆኜ፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ሥር ቆሜ፣
ያን የቀረ ዓይን እፈልግ ነበረ፣ ነቅቼም በሕልሜ፤
ወደ ግድግዳው ዞሮ ምን ያይ ይሆን እያልኩ።
ዋሴን በየትኛው? ጨነቀኝ። ሁለቱንም ሣልኩ።
አንዱ እኛን ያያል።
አንዱን ከጥላ ውስጥ ከተትኩት፣ ከአፍንጫው ባሻገር፣
ብቻውን ውሃ እንዲያይ፣ ከራሱ እንዲነጋገር።

ሦስተኛው ቀን ማታ ሸራውን አዞርኩለት።
ሳቀ መጀመሪያ። «ይኼ እኔ ነኝ? በይ እስኪ በሞቴ፤
እንደ ኩሬ ውሃ ለምን ሻገተ ፊቴ?»
ቀጥሎ እጁን አየ።
«ማን ነገረሽ?» አለኝ።
ምኑን? አላልኩትም።
ውጪ የሞተር ጀልባ አልፎ ሄደ፤
ማዕበሉ ዘግይቶ መጣ፣ ድንጋዩን ነካ።

«አያናው» አለ።
«ታናሼ ነው። ከዘጌ ወዲህ ማዕበል ጣለን፤
እንጨቱ ተበተነ፣ ታንኳው ከዳን።
ይቺን ነበር የጨበጠው።
ሰዉ ‹ውሃ ወሰደው› ይላል፤ እናቴም ያንን ብላ ሞተች።
ውሃ አልወሰደውም።
ይቺ እጅ ተከፈተች።»

ከዚያ «ዝጊያት» አለኝ። «ጣቶቿን አጥፊያቸው።»
ብሩሹን ነከርኩት። ቢላውን አነሣሁ። አስቀመጥኩ።
ሦስት ቀን ሙሉ ከእሷ በቀር እውነት አልሣልኩ።
ዝም ስለው ተነሣ፤
መዳፉን ባልደረቀው መዳፍ ላይ አሳረፈ፤
የሕፃን እጅ መሰለ፣ በአባቱ የታቀፈ።
ሳይታጠብ ወጣ።

አሁንም ሸራው ላይ አለ የዚያ መዳፍ ዱካ፤
ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካ።

ዋሴን በሳምንቱ አየሁት፣ ከወደቡ፣
ታንኳውን ሲያስጠጋ።
ገመዱን በቀኙ ጨብጦ
በግራው ሰላም አለኝ።