ስድስተኛ እጅ

የጋራዡ ሰውዬ ኮፈኖዋን መታ፤
ዝገቷ ረገፈ፣ በርበሬ መሰለ።
«ሰማንያ ሺህ ነው፣ ቀለሟ ለብቻ፤
ላሜራውን ተዪው፣ እሱ ሌላ» አለ።
ደግሞም ፈገግ ብሎ ቁልፉን ሲመልስልኝ
«ካልሆነም ግቢ አቁሚና አበባ ትከዪባት»
አለኝ።

ሰማንያ ሺህ የለኝም። ሁለት እጅ አለኝ።
ከአትክልት ተራ ከፍ ብሎ አንድ ሱቅ ገባሁ፤
መዳፍ የምታህል የስፖንጅ ሩሎ፣
ለበርና መስኮት የሚሆን ጋሎን ቀለም፣
አኳራጃ በሃይላንድ፣ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ።
ባለሱቁ «በሩ ስንት ነው?» ቢለኝ
«ሁለት» አልኩት። አልዋሸሁም።

ፊያት ስድስት መቶ ናት። አባቴ ሴይቼንቶ ይላታል፤
ከጣሊያንኛ የቀረው ይቺ አንድ ቃል ናት።
መስታወቷን ሁሉ በጋዜጣ ሸፈንኩ፣
ፓራውልቷን ፈታሁ፣ ፍሬቻዋን ነቀልኩ።
ቀለም ቀቢው ሸምሱ ከላይ ቤት ወረደ፤
«ግድግዳ ነች እንዴ!» ብሎ ሳቀ፣
ኋላ ግን ባልዲውን ከእጄ ወሰደ።
«አቅጥኚው» አለኝ፣ «እንደ ወተት ይሁን።
ሩሎውን አትጫኚው፣ ክብደቱ ይበቃዋል።
አንድ እጅ ቀቢና ተዪው፤ ሲያድር ይደርቃል።
ፈግፍጊው። ድገሚ። ስድስት እጅ ሳይሞላ
መኪና ናት ብለሽ ለሰው አታሳዪ።»

ፈገፈግኩ። ግራጫው ለቀቀ፣ የጡረታዋ ዘመን፤
ከሥሩ ሰማያዊ ከነጭ ጋር ወጣ፤
ታክሲ ሳለች፣ ከፖስታ ቤት ለገሃር፣
በስሙኒ ሰው ጭና ስትወርድ ስትወጣ።
ከዚያ ደግሞ ክሬም፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፣
ቱሪን ላይ አንድ ሰው በማላውቀው ጧት የቀባት፤
ከሁሉ በታች ብረት። እዚያ ስደርስ
እጄ ቆመ። እርቃኗን ያየሁ መሰለኝ፤
ጨርቅ ጣልኩባት።

ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ረቡዕ ለሐሙስ፤
ያኔ ነው በእርጥቡ የምፈገፍገው፣ በጋቢ፣ በባትሪ።
መብራት የሄደ ቀን፣ የሰፈሩ ብየዳ ጸጥ ሲል፣
የኔ ሩሎ ብቻ ትሄዳለች
ሽው፣ ሽው፣ ያለ ቆጣሪ።
እትዬ ጥሩወርቅ አንገቷን በመስኮት አውጥታ
«አንቺ ልጅ፣ ከተረፈሽ
የኔንም በር እንዳትረሺ።»

ሦስተኛው እጅ ላይ የመጋቢት ዝናብ መጣ፤
ሸራው ሳይደርስላት ፈንጣጣ አስመሰላት።
ባልዲውን ደፍቼ ቁጭ አልኩበት።
አራተኛው ላይ ዝንብ። እግሯን በወስፌ ለቀምኩት።
አምስተኛው ላይ ግን፣ ኮፈኖዋ ውስጥ፣
የፒያሳ ክሬን ተዘቅዝቆ፣ ሽቦውም፣ ደመናውም
ብርቱካን ልጣጭ ላይ የተሳለ መስሎ ታየኝ።
ለስላሳ አይደለም። ግን ያበራል፣
አይካድም።

አባቴን እጁን ይዤ ወደ ግቢ አወጣሁት።
ዓይኑ ከጠፋ አራተኛ ዓመቱ ነው፤
«ጋሽ ይርዳው» ሲሉት በጆሮው ነው የሚዞረው።
«ምን ዓይነት ነው ቀለሙ?» አለ።
«ለጋ ባሕር ዛፍ» አልኩት።
«ደረቀ?» መልሴን ሳይጠብቅ ከፊት መብራቷ ጀምሮ፣
ከቀለሙ አንድ ጣት ርቆ፣ አየሩን እየዳበሰ፣
ፓራፋንጎዋን አልፎ ስፖርቴሎው ጋ ደረሰ።
ክርኑን ሠላሳ ዓመት ካሳረፈበት ጠርዝ ሥር
መዳፉን ጫነ።
ቆየ።
«ኧረ አልደረቀም» አለ፤
እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ሱሪውም ለመለመ።

ቅዳሜ ሸምሱ መጥቶ ሁለት ጊዜ ዞራት፣
ጎንበስ ብሎ በፀሐይ አንጻር አያት።
«አምስት እጅ ነው» አለኝ፣ «አንድ እጅ ይቀራታል።»
ወደ ሾፌሩ በር ወሰድኩት።
«ደግመህ ቁጠር» አልኩት።
ከአውራ ጣቱ ጀመረ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፤
ትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ
ኮፍያውን አወለቀ።

በተረፈው ቀለም አሁን የምቀባው
የእትዬ ጥሩወርቅን በር ነው።
እሷ አንድ እጅ ይበቃኛል ብላለች።