ለጊዜው

ከሌሊቱ ሰባት፣ ኮምቦልቻ አንቀላፍታ፣
ከክር ፋብሪካው ጓሮ፣ ባንዲት ጠባብ ቦታ፣
ፋየርዎሉን አወረድኩ ከመደርደሪያው ላይ፣
ገመዱን ነቀልኩት፣ እትብት እንደሚለይ።
መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ «ደህና ነኝ» ይለኛል፤
ግን ሦስት ሌሊት ሙሉ አንድ ነገር ከውስጥ ወጥቶ
ከማላውቀው አገር ደርሶ ይመለሳል።
መዝገቡን ብገልጠው፣ ጅብ ከሄደ ወዲያ
የጮኸ ውሻ ነው፦ ገጽ ሙሉ ማስጠንቀቂያ።

ጋሽ ይማም ከበሩ ባትሪ ይዘው መጡ፣
«አብሽሪ» አሉኝና ጣውላ ላይ ተቀመጡ።
«ሌባው በየት ገባ?»
«እንጃ።»
«በየትስ ወጣ?»
«እሱም እንጃ።»
«ታዲያ መሰረቅሽን በምን አወቅሽ? አለሽ ወይ ማስረጃ?»

የጥር ቅጂ አለኝ፣ ካዝና ውስጥ የኖረ፤
ልጭነው ስል እጄ ካየር ላይ ተገተረ፦
ሌባው ያን ጊዜውኑ ከውስጥ ከነበረ?
ብል የበላው ጋቢ፣ ብል ባለበት ክር ቢሰፉት ምን ሊረባ!
ሁሉንም አጠፋሁ። ሳጥኑ ስሙን እንኳ ረሳ፤
አንድም ሰው አይወጣ፣ አንድም ሰው አይገባ።

ከዚያ ደብተሬን ገለጥኩ፤ እሳቸው አበሩልኝ፤
በእጄ የጻፍኩትን ሳነብ፣ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፦
«ይሄ ማን ነው?» «ባንኩ።» «ይግባ።»
«ይሄስ?» «ደረቅ ወደቡ፤ የኮንቴይነር ወረቀት የሚልከው።»
«በቀን ይግባ። በሌት ምን ጉዳይ አለው?»
ሰባት ዓመት ስሠራ ይህን ማንም አልጠየቀኝ።
ጻፍኩት።

ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር፦ «ለሁሉም ይከፈት።
ለጊዜው።» ጽሕፈቱ የኔ።
ሐምሌ ነበር። ሐረጎን ናዳ ዘግቶት፣
የማሽኑ ባለሙያ ደሴ ላይ ቀርቶ፣
ከዚያው ሆኖ እንዲጠግን በሩን ከፈትኩለት።
ማሽኑ ተጠገነ። አፈሩ ተነሣ። መንገዱም ተከፈተ።
አራት ክረምት ከረመ፤
«ለጊዜው» ግን እዚያው፣ ገርበብ እንዳለ ቆመ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።
ነገርኳቸው።
ዝም አሉ። ባትሪው ትንሽ ዝቅ አለ።
«ከጓሮው አጥር ላይ» አሉ፣ «አንድ ሽቦ አለ፤
ለጊዜው ብዬ ያሰርኩት። ያኔ ያልተወለደችው ልጄ
ዘንድሮ ተዳረች።»

ቦርከና ላይ ጎሕ ሲቀድ ያን መስመር ሳልጽፈው ቀረሁ።
ገመዱን ሰካሁ፤ አረንጓዴ አበራ፤
አላመንኩትም፣ ግን አበራ።
ፊቴን ከውጭው ቧንቧ ታጥቤ ስመለስ፣
ከጠዋት ሽፍት ሠራተኛ መሐል ጋሽ ይማም አስቆሙኝ፦
«መታወቂያ።»
ሳልስቅ አሳየኋቸው።