በቃል ሁለት ብር

መጠይቅ አመጡልኝ፣ ሠላሳ አራት ገጽ ሙሉ፤
«በቃል ሁለት ብር ነው፣ እስከ ሐሙስ አድርስ» አሉ።
ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እንደ ውሃ ወረደ፤
አምስተኛው ሳጥን ላይ እጄ ተንገዳገደ።
«ሬስ» ይላል፤ ሁለት ፊደል፣
ከኩንታል የከበደ።

«ጎሳ» ብዬ ጻፍኩና ጠበበኝ፤ ሰረዝኩት።
«ነገድ» አልኩ፤ የመጽሐፍ አቧራ ሸተተኝ፤ ተውኩት።
«ብሔር»ስ? እሱማ መታወቂያዬ ላይ ተቀምጧል፣
የቀበሌዋ ጸሐፊ፣ ቀና እንኳን ሳትል፣
ከአባቴ ስም ገምታ የሞላችው።
«ቀለም» እንዳልል፣ ብዕሬ ውስጥ ያለውም ቀለም ነው፤
ሰነፍ ተማሪ የማይገባውም እሱ ነው።
«ዘር» ቀረ።

ከሥሩ ምርጫ አለ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሌላ።
በነሱ ቅጽ ጅማ ሙሉዋ አንድ ሳጥን ይበቃታል፤
በኛ ሰፈር ግን አንድ ጡት የጠቡ ሦስት እኅቶች
ቀይዋ፣ ጠይሟ፣ ያቺ ጥቁሯ ተብለው ይጠራሉ፣
ሽማግሌም በዚሁ ተራ ይላክባቸዋል።

ሆስፒታል ወጣሁ፤ ኢያሱ ደም ባንክ ነው የሚሠራው።
ማቀዝቀዣውን ከፈተልኝ፤ ከረጢቱ ተደርድሯል።
«ወረቀቱ ከተላጠ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅ፤
የከፊቾው ለየሙ፣ የየሙ ለኦሮሞው ይሄዳል፣
ደሙ አፍ የለው።»
«ታዲያ የለም ብዬ ልጻፋ?»
«እዚህ ውስጥ የለም። ማታ ስወጣ ግን
ጥበቃው መታወቂያዬን ገልብጦ ያየዋል፤
እዚያ በር ላይ አለ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሂርማታ ወረድኩ።
ዘር ሻጯን መፍቱሃን፣ ጣሳዎቿን ደርድራ፣
«ዘር ምንድን ነው?» ብላት «የጎመን ነው የካሮት?» አለች።
«የሰው።»
ሳቀች፤ ሚዛኗ ከነድንጋዩ ተንቀጠቀጠ፦
«የሰው ዘር እዚህ አይሸጥም!»

አጠገቧ ጃንጥላ የሚጠግነው አባ ከሊፋ
ሽቦውን ከጥርሱ አውጥቶ፣ ቀና ሳይል፣
«ተሸጧል» አለ።
«እዚሁ። የአያቴ እናት። በአሞሌ ጨው።
ጥርሷን ቆጠሩ፣ ጉልበቷን ጨበጡ፣
ስሟን ማንም አልጠየቃት።
አባቴ እንደነገረኝ ከገዛት ሰው ትቀላ ነበር፤
'ባሪያ' ካሏት ወዲህ ጠቆረች።
ልጇም ጠቆረ። እኔም ይኸው።
ቃሉ ነው ያጠቆረን፤ ፀሐይማ ለሁሉም ያው ናት።»

ሽቦውን ቆለመመና ጃንጥላውን ከፈተው፤
ጥቁር፣ አንዱ ዘንግ በነጭ ክር የታሰረ።
አወቅኩት።
ረውዳ የልጅ ልጁ ናት።
ሁለት ክረምት እዚያ ጃንጥላ ሥር
ከአዌቱ ድልድይ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሄደናል፣
የእሷ ቀኝ ትከሻ፣ የእኔ ግራ ትከሻ እየረጠበ።
እናቴ አንድ ማታ፣ ሳህን እያደረቀች፣
«አጥንቷን አጣርተሃል?» አለችኝ።
እኔ፣ ዲግሪ ያለኝ፣
ቃል በሁለት ብር የምመነዝር፣
«ምን ማለት ነው?» አላልኳትም።
ያን ቀን ትርጉም አልቸገረኝም።
አጣራሁ።

አባ ከሊፋ ያውቀኝ አያውቀኝ እንጃ፤
ጃንጥላውን አጥፎ ግድግዳ አስደገፈ፣
ቀጣዩን አነሳ።

ሐሙስ መጠይቁን አስረከብኩ፣
አምስተኛው ሳጥን ባዶውን።
ሒሳብ ሹሟ በእርሳስ ጫፍ ቆጠረች፣
«አንድ ቃል ጎድሏል» ብላ ሁለት ብር ቀነሰች፣
ደረሰኙን ወደኔ ገፋችው፤
«ስም ከነአያት» ይላል።
ሞላሁት።
እጄ አልተንገዳገደም።