አሥራ ሦስተኛው መስመር

ዝናቡ ከጅሬን ቁልቁል እየወረደ፣
መብራቱ ሁለቴ ጠፍቶ እየነደደ፣
ቂጦ ፉርዲሳ ላይ፣ በሰርቨሩ ክፍል፣
አንድ ስሕተት ሳድን፣ አንድ ቅንፍ ስነቅል፣
ስልኬ ጮኸ።

"ራቢያ አባ ዲጋ ነኝ፣ መምህርት፣ ከጌራ፤
ያ ኮምፒውተራችሁ በኔ ላይ ምን ሠራ?
'ሦስት ሰዓት ይዘጋል' አይልም ወይ ጽሑፉ?
ገና ሳይነጋጋ፣ ሰዎች ሳያልፉ፣
ጭቃውን አቋርጬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣
ኔትወርክ እስካለበት ዳገት ተጉዤ፣
ለሦስት ሩብ ጉዳይ ብከፍተው፣ ተዘግቷል፤
'ሌሊት ነው ያበቃ' ብሎ ጽፎልኛል።"

ምን ልበላት?
መድረኩን የሠሩት፣ ቀናቸው የሚነሳው
ከእኩለ ሌሊት ነው፣ ሰው ሁሉ ሲረሳው፤
የራቢያ ቀን ግን ከንጋት ይነሳል፤
በሁለቱ መሐል ስድስት ሰዓት ይፈሳል፣
እንደ አዌቱ ሙላት፣ ድልድይ ያልጣሉበት።

"ተሰኪ" ይሉታል ቃል የሚያወጡልን፤
እኛ ግን "ፕለጊን" ነው፣ አፍ እንደለመደልን።
አለቃዬ ሌንጂሳ፣ በጀት የሚጠብቀው፣
"ተቀጥላ" ይለዋል፣ ከልቡ ሲንቀው።
"ዋናው ግንድ አይነካም" ነው የሱ ትእዛዙ፤
በጎን ነው የሚሰካ፣ ሳይናጋ ጓዙ።

አቃፊ ከፈትኩኝ፤ ስሙን "ንጋት" አልኩት።
ስሪት፦ ዜሮ ነጥብ አንድ። መግለጫውን ተውኩት።
ስድስት ሰዓት መቀነስ የልጅ ሒሳብ መስሎኝ
ከምሳ በኋላ ጀመርኩ፤ ሌሊት ጣለኝ።

ሰዓቱ ሲስማማ፣ ወሩ ደግሞ አመፀ፤
ዝርዝሩ ለአሥራ ሁለት ነው የታነፀ።
መስከረም፣ ጥቅምት እያልኩ ስሰካ፣ ስሰካ፣
ነሐሴ ላይ ሞላ፤
ጳጉሜ ቀረች ለካ!

የራቢያ የድጋሚ ፈተና ቀጠሮ
ጳጉሜ ሦስት ነው ያለው፣ በማኅተም ታጥሮ።
መድረኩ ግን፣ በቀይ ፊደል፦
"እንዲህ ያለ ቀን የለም።"

እናቴ ጳጉሜ ሁለት፣ አጂፕ ሰፈር ወልዳኝ፣
ይኼ ሳጥን ደርሶ "የለህም" ሊለኝ?

አሥራ ሦስተኛውን መስመር ጨመርኩ።
አምስት ቀን ብዬ ጽፌ ልነሳ ስል ደግሞ
ስድስተኛ ቀን አለ፣ የሚመጣ ከርሞ።
ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ፣ ሦስት ከተረፈ፣
ሉቃስ ነው፤ አንድ ቀን ይጨመር፤ ተጻፈ።
(ዲያቆን የነበረው ጓዴ ይባቤ ሳቀ፤
"ባሕረ ሐሳብ በኮድ!" ብሎ ተደነቀ።)

መብራት ሄደ። ያላስቀመጥኩት አርባ መስመር በረረ።
እንደገና ጻፍኩት፤ የፊተኛው ግን ይበልጥ ያምር ነበረ።

ጳጉሜ ሦስት ነጋ።
የገቡትን ስም ዝርዝር እያየሁ ተቀመጥኩ፤
ሻዬ ቀዘቀዘ።
ልክ በሦስት ሰዓት አንድ አረንጓዴ ነጥብ በራ፦
ራቢያ አባ ዲጋ።
ሃያ ጥያቄ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ
ረጅም ጊዜ ቆመች። ኔትወርኩ ይሁን እሷ፣ አላውቅም፤
ትንፋሼን ያዝኩ፣ የኔ ፈተና ይመስል።
ከዚያ፦ "ተልኳል።"

ከሰዓት ደወለች። ምስጋና ጠብቄ፣
ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ትሕትና ሰንቄ፣
"አቤት" ስል፣ "ጥሩ ነው፤ ሦስቱ ሦስት ሆኗል።
ግን የመጪው ዓመት ፈተና ሲወጣ፣
ጾም ላይ እንዳይወድቅ ማን ያስታውሰዋል?
ያንተ ቀን መቁጠሪያ ጨረቃን ያውቃታል?"

አያውቃትም።
ሌንጂሳን አልጠየቅኩም።
ባዶ ፋይል ከፈትኩ፣ ስም ያልወጣለት፤
ሲመሽ በመስኮቱ ወደ ጅሬን አየሁ፤
ደመና ብቻ ነበር።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።