የሰው ራጅ

ታክሲው ሞልቶ ሊነሣ ሲል፣ ከሆስፒታሉ በር፣
አንድ ሰውዬ ገባ፤ በእኔና በመስኮቱ መሀል
ለግማሽ ሰው እንኳ የማይበቃ ቦታ ነበር።
ጉልበቱ ጉልበቴን ገፋ፣ ጋቢው ፊቴን አበሰ፣
የያዘው ቡናማ ፖስታ ጭኔ ላይ ደረሰ።
እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ፤
የሠላሳ ዩኒፎርም ዚፕ በፌስታል ይዣለሁ፣
«ምናለ ቀጣዩን ቢጠብቅ» እላለሁ፣
በሆዴ እላለሁ። በአፌማ ጨዋ ነኝ፤
«ይቀመጡ አባባ» ብዬ ጠጋ አልኩኝ።
ጠጋ ማለት ምንድን ነው? ስንዝር መልቀቅ፣ ቀሚስ መሰብሰብ፣
ፊትን ወደ ረዳቱ አዙሮ የራስን ሂሳብ ማሰብ።

ቁልቁለቱን ስንይዝ ፖስታውን ከፈተው፣
ጥቁሩን ራጅ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ዘረጋው።
የጎድን አጥንት። ሁለት ሳንባ።
በግራ በኩል የነሐሴ ጉም የመሰለ ነገር።
በአጥንቶቹ መሀል ጎንደር ታልፋለች፤
አህያ ከነጭድዋ፣ ባጃጅ፣ ካርድ የምትሸጥ ልጅ፣
ከዚያ የግንቡ ክብ ራስ ከቀኝ ትከሻ ሥር ብቅ አለና
ሳንባውን ተሻግሮ በግራ ክንድ ጠፋ።
ያን ሁሉ ዘመን የቆመ ድንጋይ
በሰው ደረት ሲያልፍ፣ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም።

«የርስዎ ነው?» አልኩ፤ ደንግጬ ነው የጠየቅሁት።
«አይደለም ልጄ፣ የማን እንደሆነ አላወቅሁት።
ወረፋ ላይ ከጎኔ የነበረ ነው፤ ሲያስል ሲያስል ቆየና
‹የሳንጃ መኪና ሊያመልጠኝ ነው› ብሎ ተነሥቶ ሮጠ፣
ይኸው ወንበሩ ላይ ረስቶት።
እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ ስም ካለበት አንብቢልኝ።»

የሐኪም ጽሕፈት ነው፣ ዶሮ የጫረችው መሬት፤
«ይርዳው… ይርዳው መንበሩ። ዕድሜ፣ አርባ ሁለት።»
«ይርዳው» አሉ፣ ስሙን በከንፈራቸው እየቀመሱ፤
«ይርዳው ነው እንግዲህ ስሙ።
ያለዚህ እንዴት ብለው ያክሙ?»

መውረጃዬን አለፍኩት።
ለምን እንዳለፍኩት አልነግራችሁም፣ አላውቀውም።

መናኸሪያ። አቧራ፣ ናፍጣ፣ እግሩን የታሰረ በግ፣ ሎተሪ።
እሳቸው ዱላቸውን፣ እኔ ዚፔን ይዤ፣
«ይርዳው! ይርዳው!» ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ።
የማላውቀውን ሰው ስም
እንዲህ ጮኬ ጠርቼ አላውቅም፤
የባሌን እንኳ።
የሎተሪው ልጅ ተቀበለን፣ «ይርዳው!»
ዕቃ ጫኙ ከጣሪያ ላይ፣ «ይርዳው!»
አንዲት መነኩሲት ግን ጥሪ መሆኑን አላወቁም፤
የታመመ ሰው ያለ መስሏቸው ቆም አሉና
«አሜን፣ ይርዳው» ብለው አማተቡ።

ሁለት ይርዳው መጣ። አንዱ ሲሚንቶ ነጋዴ፣ አንዱ ገና ጺም ያላበቀለ፤
የኛ ይርዳው የለም። የሳንጃው መኪና ከወጣ ሩብ ሰዓት ሆነው ተባለ።
«ስጡኝ» አለ ልጁ፤ «በሚቀጥለው እሄዳለሁ፣
በስሜ ተጠርቼማ ባዶ እጄን አልመለስም።
ሳንጃ ላይ ‹የሚያስለውን ይርዳው› ብዬ እጠይቃለሁ።»
እንዳይታጠፍ ብሎ በሸሚዙ ውስጥ፣ ከጀርባው አስገባ፤
የሰው ሳንባ አዝሎ ወደ መኪናው ገባ።

ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው
«ተባረኪ» አሉኝ። ከዚያ በመጡበት መንገድ፣
አቀበቱን በእግራቸው፣ ቆም እያሉ፣
ወደ ሆስፒታሉ።

ዚፑን አደረስኩ። ደንበኛዬ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው።
ማታ ነው የገባኝ፣ የመኪናው መርፌ ጨርቁ ላይ ቆሞ፣
«ከጎኔ የነበረ» ብለውኝ ነበር፤
ወረፋ ላይ ከጎን ማን ይቀመጣል፣ ካልታመመ?
ፊቱን ያላየሁትን ሰው
ስሙን አውቃለሁ፣ ዕድሜውን፣
ሳንባው ላይ የተኛውን ጉም።
ፖስታውን ጭኔ ላይ አስደግፈው
ትከሻ ለትከሻ የሄድነውን ግን፣
ስማቸውን አልጠየቅሁም።
ምናቸውን እንደሚያማቸውም።