አሥራ ሰባተኛው መስመር

እኔ የማኅተም ሰው ነኝ፤ ዱሉዝ ከተማ፣ ከሐይቁ በላይ፣
የትንንሽ ክርክሮች ችሎት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛው መስኮት ላይ።
ብረት የጫኑ መርከቦች በድልድዩ ሥር ባጓሩ ቁጥር
ጣሳ ውስጥ ያሉት ብዕሮቼ ይላሉ ትርርር።

ኦርቮ ኬትኩነን በኅዳር መጣ፣ ባርኔጣው በረዶ እንደዘነበበት፤
ፒያኖ ቃኚ ነው፤ አርባ ዓመት ክር ሲያጠብቅ የኖረበት
ቀኝ እጁ እንደ ቁልፍ ተጣሟል።
"ክስ ስንት ነው?" አለኝ፣ ዳቦ ሊገዛ እንደመጣ ሰው፤
ከኮቱ ኪስ ደብተር አወጣ፣ ጠርዙን ዘይት ያወዛው።

ገለጥኩት። ቀን፤ ሰዓት፤ የተደወለበት ቁጥር፤
ለመኪናው ዋስትና፤ ለጣሪያው ጥገና፤ ላልጠየቀው ብድር።
"መኪና የለኝም ብያለሁ" ይላል ኅዳጉ፣ በእርሳስ፤
በሳምንቱ፣ "አሁንም የለኝም"፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ።

ስሙን አስመዝግቧል፣ "አትደውሉልን" ባሉት ሰዎች መዝገብ፤
ደብዳቤ ልኳል፣ "ይብቃችሁ" ብሎ፣ በአደራ ፖስታ፣ በደንብ።
(ደረሰኙ አለ። የተቀባዩ ፊርማ ትል ይመስላል።)
ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉም አመልክቷል፤ "አቤቱታዎ ደርሶናል፤
ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ተብሏል።
ኦርቮ ከሥሩ፣ "የቱ ትዕግሥት?" ብሎ ጽፏል።

ሕጉ አለ፤ ምክር መስጠት ግን ለእኔ ክልክል ነው።
ብሰጥ ኖሮ እንዲህ እለው ነበር፦ ሕግ ከበር ኋላ የተሰቀለ ዣንጥላ ነው፤
ዝናብ መጣ ብሎ በራሱ አይከፈትም።
ቅጹን ሰጠሁት። ማኅተሜን መታሁ። ሌላ አላልኩትም።

ሚያዝያ መጨረሻ፣ በረዶው ሐይቁን ሲለቅ፣ ቀጠሮው ደረሰ።
የተከሳሹ ወንበር ባዶ ነው፤ ጠበቃው ከፍሎሪዳ፣ በስልክ መለሰ፦
"ሦስት የድርጅት ስም ጠርተዋል፤ የእኛ አንዱ ብቻ ነው፤
የቀሩትም የእኛ እንደሆኑ ሰውዬው በምን አወቀው?"

ኦርቮ ተነሣ። ራሱን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አደረገ።
"ሰው ከመናገሩ በፊት መስመሩ ላይ አንዲት ንብ አለች፣
ጠርሙስ ውስጥ የገባች። ድምፅዋ በሲና በሲ ቢሞል መካከል ነው፤
የትኛውም ፒያኖ ላይ ቁልፍ የላት።
ሦስቱም ስሞች የሚናገሩት ከእሷ በኋላ ነው።
ክብርት ዳኛ፣ አሁንም እዚህ አለች፤ ይስሟት።"

ዝም አልን። ከጠበቃው ትንፋሽ ሥር፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣
ንቢቱ ነበረች።

ዳኛ ቦላንድ ሣቋን በብዕሯ ሸፈነች፤
"ጆሮ ብቻውን ማስረጃ አይሆነኝም፤ ሌላስ?" አለች።
የስልክ ድርጅቱን ዝርዝር አቀረበ፤ ከደብተሩ ጋር ገጠመ፣ ደቂቃ በደቂቃ።
"አሥራ ዘጠኝ ጥሪ" አለች ዳኛዋ፣ መነጽሯን አውልቃ።

"አሥራ ስምንት" አለ ኦርቮ። "አሥራ ሰባተኛው መስመር ይሰረዝልኝ።

ሲርካ ናት፤ ልጄ። ስልኳ ውኃ ገብቶበት ከሰው ተውሳ ነበር፤
'እከሳችኋለሁ!' ብዬ ዘጋሁባት፣ ገና 'አ' ብላ ሳትጨርስ መናገር።
ንቧን ለመስማት ሁልጊዜ አፍታ እታገሣለሁ፤ ያን ቀን አልጠበቅኩም።
መልሳ ለመደወል አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ይሰረዝ፤ አልካስበትም።"

ዳኛዋ መስመሩን ሰረዘች። በአሥራ ስምንቱ ፈረደች።
ከፍሎሪዳ ያለችው ንብ ቀጥ ብላ ሞተች።

ሲወጣ በመስኮቴ አለፈ። "ለዚያኛውስ" አለኝ፣ "ስንት ነው ቅጣቱ?"
"ቅጽ የለንም" አልኩት፤ መሳቢያውን ግን ከፈትኩት፣ ለከንቱ።

ያኔ አንድ መርከብ አጓራ። ብዕሮቼ ትርርር።
ኦርቮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ፣ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሳይናገር፤
"ፋ ነው" አለ። "ትንሽ የወረደ።"